ሙሰኛው ኮምፒውተር

ወለላ ከመምጣቷ በፊት ባባ የእኔ ብቻ ነበር።

ይህን ስል እናቴ «እኔስ የት ሄጄ?» ብላ ትስቃለች። እሷማ ነበረች። ግን በሳምንቱ ብዙውን ቀን ከሰዓት በኋላ ኤርፖርት አጠገብ ባለ ሆቴል አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ስለምታመሽ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አብሮኝ የሚሆነው ባባ ነበር። እሱ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። መኪናቸውን ትልቁ ፓርኪንግ አቁመው የሚሄዱትን መንገደኞች በሻትል አውቶቡስ ወደ ተርሚናል ሲያመላልስ ይውልና፣ እኔ ቦርሳዬን ሳላወርድ እሱም ደርሶ ጫማውን ያወልቃል። ዴ ሞይን ከተማ የነበረችው አፓርታማችን አውሮፕላኖቹ ከሚወርዱበት መስመር ሥር ነበረች። አውሮፕላን ሲያልፍ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ እኛም ወሬያችንን ባለበት አቁመን እንጠብቅና ድምፁ ሲርቅ ከዚያው እንቀጥላለን።

ሳሎኑ ጥግ ላይ ባባ ከሥራ ባልደረባው የገዛው አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ፊት ለፊቱ ሁለት ወንበር፤ አንዱ የባባ፣ አንዱ የእኔ። ባባ እንግሊዝኛ ይናገራል እንጂ ንባቡ ላይ ቶሎ አይሄድለትም፤ ስለዚህ አንባቢው እኔ ነበርኩ። ዜናውን፣ ከሥራ የሚላክለትን ኢሜይል፣ ነገ ይዘንብ እንደሆነ፣ ሁሉን አነብለታለሁ። «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር?» ይለኛል። አሥር ዓመቴ ነው፤ ንግግሩን ለቁምነገር ወስጄው እኔ ባልኖር ምን እንደሚሆን አስቤ አዝንለት ነበር።

ወለላ የአባቴ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ቡታጅራ ከሌላ እናት ወልዷት፣ ገና ድክ ድክ ስትል ትቷት ከአገር ወጣ። በበዓል ቀን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያደርጉልኝና «እህትሽ ናት፣ ሰላም በያት» ይሉኛል። «ሃይ» እላለሁ፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም። አባቴ ወረቀቷን ለማስጨረስ ምን ያህል እንደደከመ የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው አንድ ነገር ነበር፤ የእሷን ስም ያወጣው ባባ ነው፣ የእኔን ግን እናቴ። እሷን «ወለላ» ብሏታል፣ የማር ንጥሩን። እኔ ሚሪያም ነኝ፤ በክፍላችን እንኳ ሌላ ሚሪያም አለች።

በመጸው፣ ቅጠሉ ሁሉ መንገድ ላይ ረግፎ ዝናብ ባጣበቀው ሰሞን መጣች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ባባ ኤርፖርቱን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ሰው፣ ያን ዕለት መኪናውን የት ፓርክ እንዳደረገ ጠፍቶት ሻንጣዋን እየጎተተ ከፎቅ ፎቅ ሲያዞረን ነበር። ከዚያ በፊት፣ ከመንገደኞቹ መካከል ብቅ ስትል፣ መጀመሪያ እጁን ዘረጋላት። ከዚያ አቀፋትና አለቀሰ። እሷ እጆቿን ወደ ታች እንዳደረገች ቆመች። እኔ ያየሁት ዕንባውን ብቻ ነው። ለእኔ አልቅሶ አያውቅም።

መኝታ ቤቴን ተካፈልን። አልጋዬ ፊት ለፊት ሌላ አልጋ ተዘረጋላትና ከትምህርት ቤት መልስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ባባ በሩ ላይ ይመጣል፤ ተመቸሽ ወይ፣ በረደሽ ወይ፣ ምን ልግዛልሽ ይላታል። ተመችቶኛል፣ አልበረደኝም፣ ምንም አልፈልግም ትለዋለች። ሁሉንም በ«እርስዎ» ነው የምትለው። «እርስዎ እንደፈለጉ።» «እርስዎ አይልፉ።» እኔ ባባን ከተወለድኩ ጀምሮ «አንተ» ስለው ነው ያደግሁት፤ በቤታችን «እርስዎ» የሚባሉት ከመስጊድ የሚመጡት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ይህች ልጅ ከእኔ የበለጠ ታከብረዋለች፣ በዚህም ትበልጠኛለች ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን እራት ላይ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ባባ፣ ወተቱን ያቀብሉኛል?» አልኩት። ባባ ከልቡ ሳቀ። እናቴ ግን ቶሎ ሳቁን አስተወችው፤ በዓይኗ ወደ ወለላ ጠቀሰችው። ወለላ ሳህኗን እያየች ነበር።

ከዚያ የንፋሱ ሰሞን ደረሰ። አንድ ከሰዓት ዛፍ ሽቦ ላይ ወድቆ መብራት ጠፋ፤ ሲመለስ ኮምፒውተሩ አልመለስ አለ። ባባ አጠፋው፣ አበራው። ማራገቢያው ጮኸ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ከዚያ ጥቁሩ ላይ ነጫጭ ፊደል ተደረደረ። ጠራኝና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

«የሲስተም ፋይሉ ጠፍቷል፣ ወይም ደግሞ ኮራፕት ሆኗል ይላል» አልኩት።

ኮራፕት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀኝ። በአማርኛ አላውቀውም። አስተማሪያችን ስለ አንድ ክፉ ንጉሥ ስትነግረን ቃሉን ሰምቼዋለሁ፤ ስለዚህ የመንግሥት ሰዎች የሕዝብ ገንዘብ ሲበሉ ኮራፕት ይባላሉ ብዬ አስረዳሁት።

«ሙስና!» አለ ባባ። «ኮምፒውተሩ ሙሰኛ ሆነ በይኛ።»

ከኋላችን፣ ከመኝታ ቤቱ በር ላይ፣ «እንግዲያው ጉቦ ይስጡት» የሚል ድምፅ መጣ።

ዞር ስንል ወለላ በባዶ እግሯ ቆማለች። ተናግራ የደነገጠች ትመስላለች። ባባ አፉን ከፍቶ አያት፤ ከዚያ እሷ መጀመሪያ ሳቀች፣ እሱም ተከተላት፣ ሁለቱም ሆዳቸውን ያዙ። እኔ የሚያስቀው አልገባኝም። ጉቦ የሚለውን ቃል አላውቀውም ነበር። ባባ ዓይኑን እየጠረገ «ነይ እስቲ፣ አንቺ እይው» አላትና ወንበሩን ሳበላት። የሳበላት ወንበር የእኔ ነበር። እኔ አብሬያቸው ለመሳቅ ብዬ ተነስቼ ነበር እንጂ ለቅቄላት አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላው የእነሱ ሆነ። ባባ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ወለላ ከክፍሉ ትወጣለች። ያበሩታል፤ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ይጠቁራል፣ ያው ነጭ ጽሑፍ ይመጣል። ያጠፉታል። አንዱን ቁልፍ ተጭነው ይሞክራሉ፣ ሌላውን ተጭነው ይሞክራሉ። አንድ ቀን ሆዱን ከፍተው ጉንጫቸውን ነፍተው አቧራውን ሲነፉ ነጭ ሆነው ተነሱ። ሌላ ቀን ወለላ ውስጡ የተሰካውን ቀጭን ሰሌዳ ነቅላ ጥርስ የመሰለውን ጠርዙን በላጲስ ስታሸው አየሁ። ባባ ይህን የት ተማርሽ ሲላት፣ ሰው ሲያደርግ አይቼ ነው ብላ አለፈችው።

እስኪበራ ሲጠብቁ ያወራሉ። እኔ ኮሪደሩ ምንጣፍ ላይ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ፣ የቤት ሥራዬን ጭኔ ላይ ዘርግቼ እሰማለሁ። ወሬያቸው ሁሉ ስለማላውቀው አገር፣ ስለማላውቃቸው ሰዎች ነበር። የገበያው መንገድ አስፋልት ሆነ ወይ? ያ ጋሪ ነጂ፣ ፈረሱ የሚሰክርበት፣ አለ ወይ? ፈረሱ እንኳን ሞቷል፣ ሰውዬው ግን አሁን ባጃጅ ይነዳል፣ ባጃጁም የሰከረች ይመስል ዛፍ ለዛፍ ትሄዳለች ትለዋለች። ባባ ይስቃል። ለእኔ የማይስቀውን ዓይነት ሳቅ ነው፣ ከሆዱ የሚወጣ። አውሮፕላን ሲያልፍ ያቆሙና ሁለቱም ጣሪያውን እያዩ ይጠብቃሉ። ያ የእኔና የባባ ነገር ነበር። ማን እንዳስተማራት አላውቅም።

ቅናት ሆድ ውስጥ ሲገባ የሚቀመጥበትን ቦታ ያኔ ነው ያወቅሁት፤ ከእምብርት ከፍ ብሎ፣ ከጡት ዝቅ ብሎ ነው። ምግብ ስበላ ከላዩ ይቀመጥበታል።

አንድ ቀን ጠላቴን የማጠምድበት ነገር አገኘሁ። ባባ ሽቦ ሊነቅል ሲል ወለላ እጁን ያዘችና «ቆይ፣ አንተ፣ እሱን አትንካው!» አለችው። አንተ! በሩጫ ወጥ ቤት ገባሁ። እናቴ ያን ቀን ሥራ አልነበራትም፤ ሩዝ እያጠበች ነበር። ወለላ ባባን «አንተ» አለችው ብዬ ከሰስኳት። እናቴ ቧንቧውን ዘጋች።

«ምን አለችው? ድገሚልኝ።»

ደገምኩላት። እናቴ በእርጥብ እጇ አፏን ያዘች፤ ዓይኗ ቀላ። ጎሽ፣ ተናደደች፣ አሁን ትገባላታለች ብዬ ተከተልኳት። እሷ ግን ሳሎኑ በር ላይ ደርሳ ጥቂት ቆማ የሁለቱን ጀርባ አይታ ተመለሰች። እራት ላይ ትልቁን ሥጋ አውጥታ ወለላ ፊት አኖረችው። ያ የቅጣት አጀማመር ከሆነ እኔም ብቀጣ አይከፋኝም ብዬ አሰብኩ።

ሳምንታት አለፉ። ኮምፒውተሩ ሊሠራ አልቻለም፤ እነሱም አልሰለቹም። ከዕለታት አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ሆኜ እናቴ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ከማን ጋር እንደሆነ አላውቅም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እሱ ተሠርቶ ካለቀማ ትሄዳለቻ። እኔ የምፈራው እሱን ነው» አለች። ውሃውን ሳልከፍት፣ የጥርስ ብሩሼን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ኮምፒውተሩ ከተሠራ ወለላ ትሄዳለች። ለካ መፍትሔው ይህን ያህል ቅርብ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴ ዋይት ሴንተር ሥጋ ልትገዛ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ከሥጋ ቤቱ ጎን የነስሩ ሱቅ አለች። ነስሩ የባባ የአገር ልጅ ነው፤ የስልክ ካርድና ቻርጀር ይሸጣል፣ ከመጋረጃ ጀርባ ደግሞ ኮምፒውተር ይጠግናል። እናቴ ሥጋ ቤት ሰልፍ ላይ ስትቆም ሾልኬ ገባሁና የሲስተም ፋይል ኮራፕት ሲሆን ምን ይደረጋል ብዬ ጠየቅሁት።

ነስሩ ከሚፈታው ስልክ ላይ ቀና አለ። «እስካሁን አልሠራውም እንዴ? ለአባትሽ ሲዲ ሰጥቼዋለሁ እኮ። ሶ፣ ሲዲውን ታስገቢያለሽ፣ ሪስታርት ታደርጊያለሽ፣ ሪፔር የሚለውን መርጠሽ ቁጭ። ይሄ ሥራም አይደለም፤ አንቺም ትሠሪዋለሽ።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ እናቴ የሥጋውን ከረጢት ይዛ ገባች። ምን እያወራን እንደሆነ እንደገባት ቋንቋውን ወደ ጉራግኛ ቀየረችው። ከጉራግኛው የያዝኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የአባቴን ስም «አንሳር» ስትል፣ ደግሞ «ሲዲ»። ነስሩ ሲሰማት ቆይቶ ፊቱ ተለወጠ። አንገቱን ደፍቶ «እህ… እህ…» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «ሚሪያም፣ አሁን ሳስበው ከባድ ችግር ነው። ልጅ የሚነካው አይደለም፣ ኦኬ?» አለኝ።

ልጅ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም። እናቴም ወለላ እንዳትሄድ እየደከመች ነው። ባባን ወሰደችብኝ፣ አሁን ደግሞ እናቴን። በመመለሻችን መኪና ውስጥ አላናገርኳትም።

ሲዲውን ያገኘሁት ከባባ መኪና፣ በሾፌሩ በር ኪስ ውስጥ ነው። በነጭ ወረቀት ተሸፍኖ፣ ላዩ ላይ በነስሩ ጠማማ የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎበታል። እዚያ ኪስ ውስጥ ባባ በየቀኑ እጁን ይከታል፤ መነጽሩና ማስቲካው እዚያ ናቸው። እኔ ግን ረስቶታል አልኩ። ጃኬቴ ውስጥ ከተትኩት።

ሲዲውን በሞከርኩ ቀን ባባ ወለላን ትምህርት ቤቱ የጠየቃትን ክትባት ሊያስከትባት ወስዷት ነበር። እናቴ ተኝታለች። ሲዲውን አስገባሁ። ማሽኑ እንደ ተቆጣ ንብ አጉረመረመ። ከሲዲው ለመጀመር ማንኛውንም ቁልፍ ተጫን አለኝ፤ ተጫንኩ። ሪፔር የሚለውን መረጥኩ። አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ እየተሳበ ሄደ፣ ቆመ፣ እንደገና ሄደ። እኔ በባባ ወንበር ላይ እግሬን አጣጥፌ ጠበቅሁ። ከዚያ ጠፍቶ በራሱ በራ። ጥቁሩም ነጭ ጽሑፉም አልመጣም። ለረጅም ጊዜ ያልሰማሁት የመክፈቻው ዜማ ተሰማና ስክሪኑ ሙሉ ፎቶ ሆነ። እኔ ባባ ትከሻ ላይ ተቀምጬ፣ እናቴ ንፋሱ ሻርፗን እንዳይወስድባት በሁለት እጇ ይዛ፣ ሦስታችንም ዴ ሞይን ባሕር ላይ በተዘረጋው ድልድይ ጫፍ ቆመን እየሳቅን።

ፎቶው እዚያ እንዳለ ረስቼው ነበር። ሆን ብዬ አይደለም።

የደረጃውን ኮቴ ሰማሁ። እየሳቁ ነው የገቡት፤ ወለላ የተወጋችውን ክንዷን ይዛ አንድ ነገር ስትነግረው ነበር። ባባ ስክሪኑን አየ። ወለላም አየች፤ ቀረብ ብላ ለረጅም ጊዜ አየች።

«ይሄ የት ነው?» አለችኝ።

«እዚሁ ነው። በየሰመሩ፣ ሲሞቅ፣ እንሄዳለን» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። «ማሻአላህ፣ ጎበዝ ነሽ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ባባ ዞራ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትንሽ ልረፍ» አለችና ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። «ያድርጉልኝ» ነው ያለችው። አክብሮቷ ተመለሰ፣ የእናቴ የሥጋ ቅጣት ሠራ አልኩ በልቤ።

ባባ መዳፉን ጭንቅላቴ ላይ አሳርፎ እንዴት እንደሠራሁት ጠየቀኝ። በነስሩ ሲዲ፣ መኪናው ውስጥ ረስቶት እንዳገኘሁት ነገርኩት።

«አዎ» አለ። «ረስቼው ነበር።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የዝናብ ጃኬቱን አላወለቀም። እኔም የድሮ ወንበሬን ስቤ ጎኑ ተቀመጥኩ። ዜና ላንብብልህ አልኩት፤ አንብቢልኝ አለ። አነበብኩለት። አውሮፕላን አለፈ፤ ቆምኩና ጠበቅሁት። ድምፁ ሲርቅ ከየት እንዳቆምን አላወቀም።

ያን ምሽት ከእራት በኋላ ወለላ በስልክ ካርድ ለእናቷ ደወለች። ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ ሰማኋት። «ልመለስ እማ… አይ፣ ክፉስ አይደሉም… ቤተሰብ ናቸው፣ ሙሉ ናቸው… እኔ ምናቸው ነኝ?» ትላለች። ከዚያ ትራሷን አፏ ላይ አደረገች። ልትሄድ ነው። የተመኘሁት ሆነ። ደስታው ግን ከእምብርቴ በላይ ያለው ያ ነገር ላይ መጥቶ ተቀመጠና እንደ ምግቡ አልወርድ አለ።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን ስከፍት ፎቶው የለም። ሰማያዊ ብቻ ሆኗል። ወለላ አጠፋችኝ ብዬ አለቀስኩ፤ ማንም ምክንያቱን አልጠየቀኝም። ያጠፋው ባባ ነበር። ይህንንም የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ለቀናት ቤቱ እንዲሁ ሆነ። ባባ ከሥራ ይገባል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ የመኝታ ቤቱን በር ያያል። በሩ ላይ ሄዶ ተመቸሽ ወይ ይላታል፤ ተመችቶኛል፣ እርስዎ አይጨነቁ ትለዋለች። ከእኔ ጋር ይቀመጣል። የምፈልገው ወንበር፣ የምፈልገው ሰው፣ ሁሉም ነበረ፤ ባባ ግን እዚያ አልነበረም።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በብብቱ አንድ ስብርብር ያለ ላፕቶፕ ይዞ ገባ። አንድ ጥግ የለውም፣ ከቁልፎቹ ግማሹ ወልቋል። ጫማውን ሳያወልቅ ቀጥታ ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄደ። አላንኳኳም። «ወለላ» አለ፣ «ይሄኛውም ሙሰኛ ነው።»

እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ፤ ወለላ ፀጉሯን እያሰረች ወጣች። ላፕቶፑን ተቀብላ ገለበጠችው፣ ነቀነቀችው፣ ውስጡ አንድ ነገር ተንኳኳ። ሁለቱም ተያዩ። «ሚሪያም፣ ላጲስ አለሽ?» አለችኝ። ቦርሳዬ ሙሉ ላጲስ ነበር። የለኝም አልኳት።

ወለላ አልሄደችም። ያ ላፕቶፕ ፈጽሞ አልሠራም። ትምህርቷን ጨረሰች፣ ኮሌጅ ገባች፣ አገባች፣ ኬንት የምትባል ከተማ ቤት ተከራየች፤ አሁን ትልቅ መጋዘን ውስጥ የጭነት መኪናዎችን መውጫና መግቢያ የምታቀናጀው እሷ ናት። እኔና እሷም ስናድግ ቀስ በቀስ እህትማማች ሆንን፤ እንደ ሰው ሁሉ በልብስ እየተጣላን፣ በወንዶች ላይ እየሳቅን። ቅናቱ ግን በአንድ በኩል አልለቀቀኝም ነበር። ባባ ስልክ ሲያነሳ «ወለላ ናት» ሲል ድምፁ የሚለሰልስ ይመስለኝ ነበር፤ ዛሬም ይመስለኛል።

ባለፈው ዓመት እናቴን ሆስፒታል ለምርመራ አድርሻት ተራ ስንጠብቅ የድሮ ወሬ ተነሳ። ያን ኮምፒውተር የሠራሁት እኔ ነኝ ብዬ ጉራ ነዛሁ። እናቴ አየችኝና፣ ነስሩ ሲዲውን ለባባ የሰጠው ገና በመጀመሪያው ሳምንት እንደነበር ነገረችኝ።

«አባትሽ ሊጠግነው አልፈለገም። ከልጅቷ ጋር የሚያወራው ሌላ ነገር አልነበረውማ። ‹ናፊሳ፣ እሱ ሲሠራ ክፍሏ ትገባለች፣ በሯን ትዘጋለች፣ እኔም አጣታለሁ› ይለኝ ነበር። ነስሩ ለአንቺ ሲነግርሽ ስሰማ ልቤ ቀጥ ነው ያለው።»

ትሄዳለች ያለችው ወደ ክፍሏ ነበር።

ለምን እኔን አልነገራችሁኝም አልኳት። ልጅ ነበርሽ፣ ታወሪው ነበር አለችኝ። ሁለት ወንበር ብቻ አስቀምጠው እኔን ኮሪደር ላይ እንደተዉኝ ስከሳትም ግራ ተጋባች። ሦስት ነበር አለች። ባባ ሁልጊዜ ከወጥ ቤት አንድ ወንበር አምጥቶ ከጎኑ ያደርግ ነበር፤ «አንባቢያችን ነይ» ብሎ ይጠራኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እንቢ ብዬ ምንጣፍ ላይ የምቀመጠው። በእኔ ትዝታ ውስጥ ዛሬም ሁለት ወንበር ነው ያለው። ሦስተኛውን ብፈልግ አላገኘውም።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ባባን ይዤ ኬንት፣ ወለላ ቤት ምሳ ሄድን። እናቴ ሥራ ነበራት። ከምሳ በኋላ ባባ የወለላን ልጅ ደረቱ ላይ አስተኝቶ እሱም ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እኔና ወለላ ሳህን እያጠብን ሳለ ልጇ ታብሌቱን እንዴት እንዳበላሸው ነገረችኝ፤ ከዚያ ያ የድሮው ኮምፒውተር ትዝ አላትና ሳቀች።

«የምነግርሽን ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። «ቡታጅራ እያለሁ ሁለት ክረምት ኢንተርኔት ካፌ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ቀን፣ አንቺ ስታነቢው፣ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ‹ሲዲ ይፈልጉ› ብለው ኖሮ በደቂቃ ያልቅ ነበር።»

ለምን አላልሽውም አልኳት።

«ከሠራሁት ‹አመሰግናለሁ ልጄ› ብሎ ይነሳላ። አጠገቤ ተቀምጦ አያውቅም ነበር እኮ፣ ሚሪያም። እንዲነሳ አልፈለግሁም። ከዚያ አንቺ ሠራሽው፤ ፎቶው ወጣ። በቃ፣ ለካ የእኔ ቦታ አይደለም አልኩ።» ሳህኑን አደረቀችው፣ ደግማ አደረቀችው። «ያን ስብርብር ባያመጣ እሄድ ነበር።»

ወለላ ባባ ሆን ብሎ እንዳልጠገነው አታውቅም። ባባም እሷ ሆን ብላ እንዳልነገረችው አያውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን ሁለቱም ተደባብቀው፣ እያንዳንዳቸው እኔ ብቻ ነኝ የፈለግሁት ብለው ኖረዋል። ሁለቱንም የማውቀው እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያ ሐሳቤ ዝም ማለት ነበር። ብነግራቸው የበለጠ የእርስ በርስ ይሆናሉ፤ እኔ እንደገና ኮሪደር ላይ። ሰው ሃያ ምናምን ዓመት ሆኖትም ሆዱ ያው ሆድ ነው።

ተሰናብተን ወጣን። ቀኑ መሸት ማለት ጀምሯል፤ ዝናቡ ካፊያ ነው። የኬንትን ዳገት ጀምረን ባባ ስለ ልጁ ክብደት ሲያወራ ቆየ። መጥረጊያው መስታወቱ ላይ ይመላለሳል። ነገርኩት። ለማንም እንዳልናገር ወለላ ለምናኝ እንደነበርም ነገርኩት። ነስሩ የሰጠውን ሲዲ እንደማውቅም ነገርኩት።

ከጎኔ ሳየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል። ዳገቱን ልንጨርስ ስንል፣ «መልሽኝ» አለ።

«ምን ረሳህ?»

«ምንም።»

ነዳጅ ማደያው ጋ ዞርኩ። ወለላ ቤት ስንደርስ በደንብ ፓርክ እስካደርግ አልጠበቀኝም፤ ቆቡን ወንበሩ ላይ ትቶ ወረደ። በጉልበቱ ሕመም ምክንያት ደረጃውን አንድ በአንድ ነው የሚወጣው። ደወለ። ወለላ የወጥ ቤት ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከፈተች። አንድ ነገር ነገራት። ፎጣውን ሁለት እጇ ውስጥ ጨብጣ አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ በእሱ ትከሻ በላይ ወደ መኪናው፣ ወደ እኔ አየች። እጄን አነሳሁላት። እሷም አነሳች፤ ከዚያ መልሳ ወደ እሱ ዞረች።

ከጣሪያው ጠርዝ የሚንጠባጠበው ውሃ የባባን ጀርባ እየመታው፣ ሁለቱም ደጃፉ ላይ ቆመው ያወራሉ። የሚሉትን አልሰማሁም። ድሮ ቢሆን መስኮቱን ዝቅ አደርግ ነበር። ሞተሩን አጠፋሁና እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው።